አንድ ዓይናው ቡድን

የልጅ ልጆቼ ናቸው ንገሪን ያሉኝ። የልጄ ቤት በር ቀለም ሲቀባ ውሎ ነበር፤ እኔ ደግሞ ደረጃውን ወጥቼ ስደርስ የቲነሩ ሽታ ፊቴን መታኝና እዚያው ቆምኩ። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ አሸታለሁ። "አያቴ አመማት እንዴ?" አለ ትንሹ። "ኧረ ደስ ብሏት ነው" አለች እህቱ። ከዚያ በኋላ አልለቀቁኝም። እሺ፣ እኔ ልናገር፣ እናታችሁ ትጻፈው አልኳቸው። ተማሪ ቤት አልገባሁምና ቀጥ ብዬ መሄድ አይሆንልኝም፤ ወዲያ ወዲህ ስል አትቆጡ። አያት ስላላችሁኝ ደግሞ የጥንት ሰው አታድርጉኝ፤ እኛ ቤት ሴቶች በጊዜ ነው የሚወልዱት።

መንግሥት ከተለወጠ ብዙ አልቆየም ነበር። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ከአስፋልቱ ወደ ላይ ስትወጡ፣ መንገዱ ደረት የሚያስይዘው ቦታ ላይ፣ እኔና እማዬ አንዲት ክፍል ቤት ነበረችን። እማዬ እንጦጦ ወጥታ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ እየተሸከመች ታወርዳለች። ሸክሙ ከእሷ ይበልጣል። ሕፃን ሳለሁ ከታች ሆኜ ሳያት፣ ዛፉ ራሱ እናቴን ሊያደርስልኝ በእግሩ የሚወርድ ይመስለኝ ነበር። እቤት ገብታ ገመዱን ስትፈታ ትከሻዋ ላይ የቀረውን ምልክት በጣቴ እከተለዋለሁ። ለስላሳ ነው፤ ፀጉር እንኳ አይበቅልበትም።

ሐምሌ መግቢያ ላይ እማዬ፣ "ከዕንቁጣጣሽ በኋላ አብረሽኝ ትወጫለሽ" አለችኝ። እንደ ቁጣም አይደል፣ እንደ ምርቃትም አይደል፤ ዝናብ ሊመጣ ነው እንደሚል ሰው ነው የተናገረችው። ጎረቤታችን ያለችው ልጅ በእኔ ዕድሜ ወጥታ ስትለምድ አይቻለሁ። መጀመሪያ መሳቅ ነው የተወችው። እኔ ሽቅቡን አልፈራሁም፤ የፈራሁት ቁልቁለቱን፣ ጎንበስ ብሎ መሬት መሬት እያዩ መቅረቱን ነው። ግን ለእማዬ አልናገርም። እሷ የተሸከመችውን እኔ አልሸከምም እንዴት ይባላል?

ከእኛ ዝቅ ብሎ ጋሽ ወርቁ የሚባሉ አናጢ ነበሩ። ጆተኒ ይሠራሉ። ጆተኒ መቼም ታውቃላችሁ፤ ብረቱን ይዞ እያሽከረከሩ ትንንሾቹን ሰዎች ኳስ የሚያስመቱበት ጠረጴዛ። ሌላው ሰው ተጫዋቾቹን ከብረት አስቀልጦ ያሠራ ነበር፤ ጋሽ ወርቁ ግን ከዋንዛ እንጨት ጠርበው፣ ራሳቸው ቀብተው ነው የሚሰኩት። ሚስታቸው እትዬ ትርፌ የእማዬ ደንበኛ ናት፤ ቅጠል ከእማዬ ነው የምትገዛው። አንድ ቀን ከእማዬ ጋር ቅጠል ልናደርስ ሄደን በሩ ላይ ቆሜ ወደ ውስጥ ሳይ አየችኝና፣ "ይቺ ልጅ ቤት ከምትውል እዚህ መጥታ እንጨት ትፈግፍግ" አለች።

እማዬ ሸክሟን ሳታወርድ፣ "ጆተኒ ቤት የዱርዬ መዋያ ነው" አለች።

"መጫወቻው ነው የዱርዬ። መሥሪያው የኛ ነው" አሉ ጋሽ ወርቁ፣ ከመላጊያው ቀና ሳይሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ለእማዬ አሳዩዋት። ጣቶቻቸው ይንቀጠቀጡ ነበር። "ማልያውን ማንም ይቀባዋል፣ አስካለ። ዓይን ነው ያስቸገረኝ። ይቺ ልጅ እስከ ዕንቁጣጣሽ ዓይን መሳል ከቻለች እኔ ጋ ትቆያለች።"

"ካልቻለችስ?"

"ካልቻለች ልጅሽ ናት።"

እማዬ ትንሽ አሰበችና፣ "እስከ ዕንቁጣጣሽ" አለች። እንደዚህ ሆኖ ነው የኔ ክረምት የተጀመረው።

መጀመሪያ የብርጭቆ ወረቀት ብቻ ነው የተሰጠኝ። የተጠረበውን ሰው በዚያ ወረቀት እስኪለሰልስ ማሸት ነው። አንገቱ ሥር፣ ብብቱ ሥር፣ ሁለቱ እግሮቹ በሚገናኙበት። ጣቴ ተልጦ እንጨቱ ቀይ ይሆንብኝ ነበር። ፊት የላቸውም፤ ዝም ብሎ ድንብልብል ራስ ነው። እኔ ደግሞ ፊት ስለሌላቸው ገና ያልተወለዱ ይመስሉኛል፤ ማታ ወደ ቤት ስሄድ ብርድ እንዳይመታቸው በጨርቅ ሸፍኛቸው ነው የምወጣው። እትዬ ትርፌ አይታ፣ "አቧራ እንዳይነካቸው ነው፤ እንዴት ያለች ጠንቃቃ ናት" ብላ ለባሏ አመሰገነችኝ። አላረምኳትም።

ከዚያ ቀለም ተሰጠኝ። መጀመሪያ ነጭ በሙሉ ይቀባል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ ጠይም ለፊትና ለእጅ፣ ከዚያ ማልያ። ጠይሙን ጋሽ ወርቁ ራሳቸው ነበሩ የሚደባልቁት። ከውጭ የሚመጡት ጠረጴዛዎች ላይ ያሉት ሰዎች ፈረንጅ ናቸው፤ እሳቸው፣ "ያገር ልጅ ይሁኑ፤ ሲሸነፉም ያምራል" ይላሉ። እኔ ቀለም ሲበዛ የሚያምር መስሎኝ አፍስሼ አለብሰዋለሁ። ቀለሙ ወርዶ ተረከዙ ላይ ይጠራቀምና ሰውየው ቡትስ ጫማ ያደረገ ይመስላል።

"ወተት እንጂ እርጎ አታድርጊው" አሉኝ። "ቀጭን አድርገሽ ሁለት ጊዜ። ደግሞ የረጠበው ላይ አትመለሺ፤ ሲደርቅ ብቻ ነው የምትመለሺው።"

የረጠበ ላይ አለመመለስ እንዴት እንደሚከብድ። ስህተቱ ፊት ለፊት ተቀምጦ ያይሻል፣ አንቺም ታይዋለሽ፣ እጅሽ ደግሞ ይበላሻል። እጄን ከታፋዬ ሥር አድርጌ ተቀምጬበት አውቃለሁ።

ክረምት ደግሞ ቀለም አይደርቅም። ከእንጦጦ ጉም ይወርድና በሩን ሳያንኳኳ ገብቶ ዕቃው ላይ ይቀመጣል። ጠዋት የቀባሁት ማታ ስነካው የጣቴን አሻራ ይይዛል። ቸኮልኩና አንድ ቀን ተጫዋቾቹን በእንጨት ላይ ሰክቼ የከሰል ምድጃው ጠርዝ ላይ ደረደርኳቸው። ተመልሼ ስመጣ ፊታቸው በሙሉ ጉብ ጉብ ብሏል። እኔም ሮጬ እትዬ ትርፌ ጋ ሄድኩና፣ "ኩፍኝ ይዟቸዋል" አልኳት። ከልቤ ነው። የጎረቤት ሕፃን ያን ሰሞን ኩፍኝ ይዞት ነበርና ከሱ የተጋባባቸው መስሎኛል። እትዬ ትርፌ ወንበር ፈልጋ ቁጭ አለች፤ እስኪወጣላት ሳቀች። ጋሽ ወርቁ ግን አልሳቁም። "የቸኮለ ቀለም ያኮርፋል" አሉና ወረቀቱን ሰጡኝ። ፈገፈግኩ። እንደገና ነጭ፣ እንደገና ጠይም።

ወደ ዓይኑ የደረስነው ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ነው። መለማመጃ እንዲሆነኝ ወገቡ የተሰነጠቀ አንድ ተጫዋች ሰጡኝ። የመጀመሪያው ዓይን የፊቱን ግማሽ ወሰደ።

"ይሄ ሰውዬ ተደብድቦ ነው?" አሉ ጋሽ ወርቁ።

ጠርጌ ደግሜ ሠራሁ። ዓይኑ ወደ ጆሮው ሸሸ።

"አሁን ደግሞ ማንን ፈርቶ ነው?"

ከዚያ አጠገቤ ተቀመጡና አሳዩኝ። ክንድ ከጎድን ጋር ይጣበቃል፣ ሁለቱ የእጅ አንጓዎች ይነካካሉ፣ ሰውየው ሚስማር ላይ ተሰክቶ ይያዛል እንጂ በጣት አይያዝም። እኔ ትንፋሼን አፍኜ ነበር የምሠራው፤ ፊቴ እስኪቀላ። "አትያዢው" አሉኝ፤ "የያዝሽው ትንፋሽ ሲያመልጥሽ እጅሽም ያመልጥሻል። ቀስ ብለሽ አውጪው፣ ሲያልቅ ያኔ ንኪ።" ደግሞ፣ "ከሚያስቸግርሽ ዓይን ጀምሪ። የቀናሽን በሱ ልክ ታደርጊዋለሽ" አሉ።

እቤት ቀለም የለም። ስለዚህ ያገኘሁት ነገር ላይ በከሰል ጫፍ ዓይን እሠራለሁ፤ ግድግዳ ላይ፣ ድንች ላይ፣ የራሴ ጉልበት ላይ። አንድ ምሽት እማዬ ንፍሮ ልትጥድ ባቄላውን ሰፌድ ላይ ስታፈስ፣ ባቄላው ሁሉ ዓይን አውጥቶ ያያታል።

"ዝናሽ" አለች።

"አቤት።"

"ይሄን አሁን ሰው ይበላዋል?"

"ስትቀቅይው ይለቃል።"

አንዱን አንስታ ወደ መብራቱ አስጠጋችው። ወዲያ ወዲህ አገላብጣ አየችውና ድስቱ ውስጥ ጣለችው። እኔ ግን ያን ምሽት የምበላውን እያንዳንዱን ባቄላ መጀመሪያ አየው ነበር።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እኔ ሥዕል የሚባል ነገር አይቼ የማውቀው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ተራራው ላይ ያለው ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ። በማርያም ቀን እማዬ ሸክም ትታ፣ ነጠላዋን ለብሳ ይዛኝ ትወጣ ነበር። ሥዕሎቹ ፊት ስንቆም በጆሮዬ ታንሾካሹክልኛለች። ቅዱሳኑ፣ ሰማዕታቱ፣ ደጋጎቹ ሁሉ ፊታቸውን ሙሉ ሰጥተውናል፤ ሁለት ሁለት ትልልቅ ዓይን። ሰይጣኖቹና ጦር ይዘው የሚያሳድዱት ክፉዎች ግን በጎን ነው የተሳሉት፤ አንድ ዓይን ብቻ። "ለምንድነው?" ብዬ ጠየቅኳት። "ክፉ ሰው ፊቱን አይሰጥም። ሁለት ዓይን ሰጥተሽ ከሳልሽው ቀና ብሎ ያይሻል፤ ያ ደግሞ ለሚጸልይ ሰው ጥሩ አይደለም" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ለኔ የሥዕል ሕግ እሱ ነው። ጸሐይ በምሥራቅ እንደምትወጣ ያህል።

ጋሽ ወርቁ በር ላይ ደግሞ ቆርቆሮ ጥላ ሥር አንድ አሮጌ ጆተኒ ነበር። የሰፈር ልጆች ሲጫወቱበት ይውላሉ። ከነሱ አንዱን፣ አቢቲ የሚሉትን፣ "ቀዮቹ እነማን ናቸው?" ብዬ ጠየቅኩት።

"የኛ ናቸው።"

"ሰማያዊዎቹስ?"

"ጠላት ናቸዋ" አለና ብረቱን አሽከረከረው።

በቃ። እኔ የምፈልገውን አወቅሁ።

ነሐሴ ላይ የጋሽ ወርቁ ወንድም ሰንዳፋ ሞቶ እሳቸውና እትዬ ትርፌ ለለቅሶ ሄዱ። ከጉርድ ሾላ የታዘዘ አዲስ ጠረጴዛ ነበር፤ ተጫዋቾቹ ሁሉ ተቀብተው ዓይን ብቻ ቀርቷቸዋል። ጋሽ ወርቁ ሲወጡ፣ "ዓይኑን አንቺ ሞክሪው። ስመለስ አየዋለሁ" አሉኝ። እቤት ሳልሄድ መዋል ነው። ቀዮቹን ጀመርኩ። ሁለት ሁለት ዓይን፣ ግራና ቀኝ እኩል፤ እንደ ሰማዕታት ፊታቸውን ሙሉ ሰጥተው ቆሙ። ከዚያ ሰማያዊዎቹን አነሳሁ። ለነሱ አንድ አንድ ዓይን፣ ወደ ጎን ዞር ያለ፣ ሌላው ጉንጫቸው ባዶ። ግብ ጠባቂያቸውን ሳይቀር። እንዲያውም ለሱ ቅንድብ ጨመርኩለት፤ የክፉዎች አለቃ መሆኑ እንዲታወቅ። እንዲህ አምሮልኝ አያውቅም።

ጋሽ ወርቁ የተመለሱት ዝናብ ሲወርድ ነው። ባለ ጠረጴዛው፣ ደምሴ የሚባለው የጉርድ ሾላ ሰው፣ የጭነት መኪና ይዞ በር ላይ ይጠብቃል፤ ሹፌሩ ጥሩምባ ይነፋል። ጠረጴዛው በላስቲክ ተሸፍኖ ነበር። ጋሽ ወርቁ የላስቲኩን ጫፍ ገለጥ አድርገው በወዲህ በኩል ያሉትን ቀዮቹን አዩ። ጎንበስ ብለው፣ ጠጋ ብለው አዩ። "ጎሽ" አሉ። ላስቲኩን መለሱት። ጠረጴዛው ተጭኖ ወደ መገናኛ ቁልቁል ሄደ። እኔ "ጎሽ" የምትለዋን ቃል ይዤ ተኛሁ፤ ዕንቁጣጣሽ የመጣልኝ መሰለኝ።

ፍልሰታ ሲፈታ ደምሴ ተመለሰ። በእጁ ፌስታል አንጠልጥሏል።

"ጋሽ ወርቁ፣ ጠረጴዛው ጥሩ ነው፤ እጅዎን ይባርከው" አለ። "ሰማያዊዎቹን ግን ምን ነካቸው?"

"ምን ሆኑ?"

"አያዩም።"

ጋሽ ወርቁ መላጊያቸውን አስቀመጡ። ደምሴ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው፤ የኔ ሰማያዊዎች ተንጋለው ወጡ።

"ልጆቹ ሰማያዊ አንይዝም አሉ" አለ። "ተጋጣሚ ሆነው ይመጡና ሁሉም በቀይ በኩል ይሰለፋሉ። በግድ ያቆምኩት ደግሞ ጎል ሲገባበት 'በዚያ በኩል እኮ አያይም' ይለኛል። ትናንትና አንዲት እናት ልጇን ፍለጋ ገብታ አየቻቸው። ልጁን በጆሮው ይዛ ወጣች፤ 'ሰይጣን ታሯሩጣላችሁ' ብላ። እኔ ጆተኒ ነው የከፈትኩት ወይስ ምን?"

ጋሽ ወርቁ አንዱን አንስተው አገላበጡት። "ዝናሽ፣ ነይ እስኪ። ይሄ ምንድነው?"

"ጠላት ነው" አልኩ።

"የማን ጠላት?"

"የቀዮቹ። ክፉ ሰው በአንድ ዓይን ነው የሚሳለው። እላይ ቤተ ክርስቲያኑ ላይ እንደዚህ ነው።"

ደምሴ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ያስለቀስኩት መሰለኝና የኔም እንባ መጣ። ጋሽ ወርቁ ዝቅ ብለው ከኔ ጋር ፊት ለፊት ሆኑ።

"ጆተኒ ላይ ክፉና ደግ የለም፣ ልጄ" አሉኝ። "ወዲህና ወዲያ ብቻ ነው ያለው። ዛሬ በቀይ የቆመው ነገ በሰማያዊ ይቆማል፤ ያ ካልሆነ ጨዋታ የለም።"

ደምሴ ዓይኑን ጠራረገና፣ "እኔ ጋ የዕንቁጣጣሽ ዕለት ቤቱ ሙሉ ነው። ካልደረሰልኝ ሌላ ጋ ሄጄ የብረት አሠራለሁ" አለ።

"ይደርሳል" አልኩ። ጋሽ ወርቁ አፋቸውን ሳይከፍቱ ነው የተናገርኩት። ሁለቱም አዩኝ።

ቀላል መስሎኝ ነበር፤ አንድ ዓይን ካላቸው አንድ መጨመር ነው። ሠራሁት። የመጀመሪያው ዓይን ግን እንደ ሥዕሉ ወደ መሐል የመጣ ስለነበር፣ ሁለተኛው ሲጨመር ሰውየው የራሱን አፍንጫ የሚያይ ሆነ። ያንን ቡድን ደምሴ ቢወስደው ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። ስለዚህ መፋቅ ነው። ፊታቸውን በሙሉ እስከ እንጨቱ ፍቆ፣ ነጭ፣ ጠይም፣ ከዚያ ዓይን። ያንን በክረምት መጨረሻ፣ ጉም በር ላይ ቆሞ።

"ግማሹን እኔ ልያዝልሽ" አሉ ጋሽ ወርቁ።

"እጅዎ ይንቀጠቀጣል" አልኩ።

እትዬ ትርፌ ከንፈሯን ነከሰች። እሳቸው እጃቸውን አዩት። "እሱስ እውነት ነው" አሉና ወደ መላጊያቸው ተመለሱ።

ማድረቂያ ነው የቸገረኝ። ከሰል ኩፍኝ እንደሚያመጣ አውቃለሁ፤ ጉሙ ደግሞ አያደርቅም። አጥሩን ተጠግቶ ዳቦ ቤት ነበር፤ አንድ ጠዋት ሽንት ቤት ስሄድ የዳቦ ቤቱ ግድግዳ ላይ ድመቶች ተደርድረው ተጣብቀው አየሁ። እጄን አስጠጋሁ። ይሞቃል፤ ግን እንደ ሰው ገላ ነው፣ አያቃጥልም። ተጫዋቾቼን ድንች ላይ ሰክቼ ከግድግዳው ጥግ በቁራጭ ቆርቆሮ ከልዬ አስቀመጥኳቸው፤ ድመቶቹን በእንጨት ሳባርር ዋልኩ። ማታ ስነካቸው የጣቴን አሻራ አልያዙም። ሮጬ ለጋሽ ወርቁ ነገርኳቸው። መጥተው ግድግዳውን በመዳፋቸው ነኩት። "ይሄን ሁሉ ዓመት እዚህ ኖሬ" አሉ።

ዓይኑ ላይ ግን ተሸነፍኩ። ሁለቱ እኩል ናቸው፣ ቦታቸው ልክ ነው፤ ሆኖም ሁሉም የደነገጡ ይመስላሉ። ገና ካልነካሁት ግብ ጠባቂ በቀር ቡድኑ በሙሉ እባብ ያየ ነው የሚመስለው። ፍቄ እንደገና ሠራሁ፤ አሁንም ደንግጠዋል። ጋሽ ወርቁ ከኋላዬ ቆመው ሲያዩ ቆዩና፣ "መስታወት ጋ ሂጂና ራስሽን እዪ" አሉኝ። የእትዬ ትርፌ መስታወት ፊት ቆሜ አየሁ። "ጥቁሩ ምን ይነካል?" ሲሉ ከወዲያ ጠየቁኝ። አየሁት። መሐል ላይ አልተንሳፈፈም፤ የላይኛው የዓይኔ ሽፋን ሥር ገባ ብሏል። እኔ ጥቁሯን ነጩ መሐል ላይ አስቀምጬ በሁሉም ጎን ነጭ እንዲከባት እያደረግኩ ነበር። ለካ ሰው እንደዚያ የሚሆነው ሲደነግጥ ብቻ ነው።

ግን ያቺን ጥቁር ነጥብ ከላይ አስነክቶ ማስቀመጥ በዚያ ብሩሽ አልሆነም። ጫፉ ወፍራም ነው። እቤት ገብቼ እማዬን፣ "ብሩሹ ነው እንጂ እጄ ችሎ ነበር" አልኳት፤ እንደ ማኩረፍ። በማግስቱ ከተራራው ስትወርድ ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ፈትታ አንድ የአጋም እሾህ ሰጠችኝ። ቀጥ ያለ፣ ረጅም፣ ጫፉ የማይታይ። "እንዳይወጋሽ" አለች።

ጳጉሜ ገባ። በሩፋኤል ዕለት ዝናቡ ጸበል ነው ይባላል፤ የሰፈሩ ልጆች ልብሳቸውን ጥለው እየጮኹ መንገድ ላይ ይጠመቃሉ። አቢቲ በመስኮት ራሱን አስገብቶ፣ ውሃው ከአፍንጫው እየተንጠባጠበ፣ "አንቺ፣ ነይ እንጂ። ዛሬ ያልታጠበ ዓመቱን ሙሉ ይቆሽሻል" አለኝ።

"ዞር በልልኝ፤ ውሃህ ይረጭብኛል።"

"እንጨት ታቅፈሽ ልታረጂ ነው።"

አልመለስኩለትም። ክንዴ ጎኔ ላይ ነው፣ አንጓዎቼ ተነካክተዋል፣ ትንፋሼን እያወጣሁ ነው። ትንፋሼ አለቀ። ነካሁ። እሾኋን አነሳሁና አየሁት። ሰውየው አልደነገጠም። ዝም ብሎ፣ ኳሱን እንደሚጠብቅ ሰው፣ ያየኛል። ያኔ ከውጪ ያለው ጩኸት ሁሉ የራቀ መሰለኝ። ቀጣዩን አነሳሁ። እንደገና ክንድ፣ አንጓ፣ ትንፋሽ። አንዳንዱ ይበላሻል፤ ግድግዳው ጋ ወስጄ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ፣ አልነካካውም፣ ከዚያ እፍቃለሁ። ድመቶቹ ለምደውኝ ቦታ ይለቁልኝ ጀመር። ግብ ጠባቂውን ለመጨረሻ ነው ያስቀረሁት። ያንን የክፉ ቅንድብ ከሱ ላይ ለመፋቅ አሳዝኖኝ ነበር፤ ግን ፋቅኩት። ሁለቱም ዓይኖቹ በመጀመሪያው ንክኪ ነው የመጡት።

በዋዜማው ደምሴ መጣ። ጋሽ ወርቁ ሰማያዊዎቹን በአንድ ሳንቃ ላይ ደርድረው ነበር የጠበቁት። ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ አያቸው፤ ከግራ አያቸው፣ ከቀኝ አያቸው። ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ "አሁን የትኛው ነው ክፉው?" አለኝ።

"የተሸነፈው" አልኩት።

ሳቁ መንገድ ድረስ ተሰማ። ሰዎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ ሄደ፤ ፌስታል ውስጥ አልከተታቸውም።

አመሻሽ ላይ እማዬ የበዓሉን ቅጠል ተሸክማ ወረደች፤ በሩ ላይ ቆመች። ጋሽ ወርቁ እጃቸውን እየጠራረጉ ወጡ።

"አስካለ፣ ልጅቷ ትቆያለች" አሉ።

"ደግ" አለች እማዬ። ሸክሟን ከፍ አድርጋ አስተካከለችና መንገዷን ቀጠለች። እልል ትላለች ብዬ ነበር፤ ቢያንስ ትስመኛለች። ከኋላዋ እየተከተልኩ ሽቅብ ስወጣ፣ አልገባትም ይሆናል፣ ድካም ይዟት ነው እያልኩ ለራሴ አስረዳ ነበር። ዕንቁጣጣሹ ነግቶ ልጆቹ አበባ ይዘው ሲዞሩ እንኳ በሆዴ አኩርፌባት ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እማዬም ካረፈች ወዲያ፣ ለጋሽ ወርቁ ሙት ዓመት እትዬ ትርፌ ጋ ቁጭ ብለን ሽንኩርት ስንከትፍ ያን ክረምት አነሳነው። አንድ ዓይናዎቹን አነሳንና ሳቅን። ከዚያ እትዬ ትርፌ፣ የማውቀው ነገር መስሏት፣ ዝም ብላ ነገረችኝ። ደምሴ ሰማያዊዎቹን ይዞ የመጣ ዕለት በዚያው ማታ ጋሽ ወርቁ እኛ ቤት ድረስ ሽቅብ ወጥተው፣ "ልጅሽን ለተራራው አልሰጥም፤ ትቆያለች" ብለው ለእማዬ ነግረዋት ነበር። እማዬም፣ "እንግዲያው እስከ ዕንቁጣጣሽ እንዳይነግሯት" አለቻቸው። "አሁን ካወቀች እጇ ይላላል።"